ሰሚራን የዋሸሁበት ኮከብ

የሄድኩ ዕለት ማታ ሰሚራ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ ነበር። አልዘጋ ብሎን ነው። እናቴ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ በሶውን ስታጭቅበት ውላ ዚፑ ሊፈነዳ ደርሶ ነበርና፣ ሰሚራ «ይቆዩ እትዬ አስካለ፣ ይሄ ክብደት ነው የሚፈልገው» አለችና ዘፍ ብላ ተቀመጠችበት። እኔ ተንበርክኬ ዚፑን እጎትታለሁ። እሪ በከንቱ ያለችው ቤታችን የሰፈር ሰው ጢም ብሎባታል።

«ቺሊ ያልሽው አገር አሜሪካ ነው አይደል?» አሉኝ አንዷ ጎረቤታችን።

«ደቡብ አሜሪካ ነው እትዬ፣ ወደ ታች።»

«ያው አሜሪካ ነው!» ብለው እልል አሉ።

እኔ ግን የማየው ሰሚራን ነበር። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ እንድትቀናብኝ ነበር የፈለግኩት። ብዙ አይደለም፣ ለዚያች ማታ ብቻ። እሷ እቴ! ሻንጣው ላይ እየዘለለች ትስቃለች፤ ዚፑ ሲዘጋ አጨበጨበች። ኤርፖርት ድረስም መጥታ ሻንጣውን የገፋችው እሷ ናት።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። ሰሚራ የጋሽ ከድር ልጅ ናት፤ አባቷ አትክልት ተራ ሽንኩርት በጅምላ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሁለታችንም ፊዚክስ ስንማር እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። ሃያኛ የወጣ ሰው አይቀናም፣ ምን አገባው? የሚቀናው ሁለተኛው ነው።

ቺሊ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግዙፍ ኮከቦችን የሚያጠና አንድ ተማሪ፣ አንድ ብቻ፣ በነፃ ትምህርት ዕድል ሲፈልግ ሁለታችንም አመለከትን። ቃለ መጠይቁ በኢንተርኔት ነው። ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሄደን ተራ በተራ ተቀመጥን። የሷ ተራ ላይ፣ ልክ ዓረፍተ ነገር መሀል፣ መብራት ድርግም አለ። የኔ ሰዓት ሲደርስ መጣ። በኋላ እንደገና እንዲጠይቋት ብትጽፍላቸው «ጊዜው አልፏል» የሚል መልስ ላኩላት። እኔ እንዲህ ነው ያለፍኩት።

ሦስት አውሮፕላን ቀያይሬ ሳንቲያጎ ስደርስ ሐምሌ ነበር። ክረምት ጥዬ ወጥቼ ክረምት ውስጥ ገባሁ። የነሱ ክረምት ግን እንደኛው ዶፍ ጥሎ፣ ጎርፉ ቦዩን ሞልቶ፣ ከዚያ ፀሐይ ፈገግ የምትልበት አይደለም። ዝም ብሎ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብርድ ነው። ከከተማው በላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ቆሟል። የመጀመሪያ ቀን ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ በሳምንቱ ጀርባዬን ሰጠሁት።

እዚያ አገር ያለ ሩት አትኖሩም። ሩት የመታወቂያ ቁጥር ነው፤ እኔ ምን አውቄ? የስልክ ካርድ የሚሸጠው ልጅ «ሩት አለሽ?» ሲለኝ «የለችም፣ ብቻዬን ነው የመጣሁት» አልኩት። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ቤት ልከራይ ስሄድ «ሩት ከሌለሽ ውል የለም»፤ ሩት ላወጣ ስሄድ «አድራሻ ከሌለሽ ሩት የለም»። አንድ ሳምንት በሁለቱ መሀል ተመላለስኩ።

በመጨረሻ አድራሻ አገኘሁና (እንዴት እንዳገኘሁ እነግራችኋለሁ) መዝጋቢው ፊት ቀረብኩ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ትዕግሥት ያለው ሰውዬ ነው።

«ስም?»

«ትርሲት።»

«የአባት አፔሊዶ?» አፔሊዶ የቤተሰብ ስም ማለት ነው፤ እነሱ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት ይወስዳሉ።

«መኩሪያ።»

«የእናት አፔሊዶ?»

«የለኝም።»

«ሴኞሪታ፣ ሁሉም ሰው እናት አለው።»

«እናትማ አለችኝ! ስሟ ስሜ ውስጥ የለም ነው ያልኩት።»

ፓስፖርቴን አገላበጠ። «ታፈሰ የሚለውስ?»

«አያቴ ናቸው።»

«የእናትሽ አባት?»

«የአባቴ አባት።»

«ታዲያ እናትሽ ማን ትባላለች?»

«አስካለ ወልዴ።»

«ከአባትሽ ጋር አልተጋቡም?»

«በተክሊል ነው የተጋቡት!»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እናንተ ቤት አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች የሉም ማለት ነው?»

«የሉም።»

«ታዲያ ቤተሰብ መሆናችሁን በምን ታውቃላችሁ?»

ሰውዬው ታፈሰን በእናት ቦታ ጻፈና ማህተሙን አሳረፈ። እስከ ዛሬ በቺሊ መዝገብ ላይ አያቴ እናቴ ናቸው።

አድራሻውን የሰጠችኝ ሴኞራ ኤልባ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትዮ ናት። እሷም እንደሌሎቹ ሩት ጠይቃኝ የለኝም ስላት በሩን ልትዘጋ ስትል «ለመሆኑ ምን ልትማሪ መጣሽ?» አለችኝ።

«ስለ ኮከብ።»

በሩ እንደገና ተከፈተ። «የኔ ኮከብ ጊንጥ ነው! ዘንድሮ ጉልበቴ ይሻለዋል?»

ሰፈሬም «ጠንቋይ ልትሆኚ ነው?» ብሎኝ ነበር። እዚያ ግን ሙግት ገጥሜ ነበር፤ እዚህ ከነሻንጣዬ ውጭ ቆሜያለሁ። «ይሻለዋል» አልኳት። ክፍሏን ያለ ውል ሰጠችኝ።

ደግ ሴት ናት። ማታ ማታ ኦንሴ ታቀርብልኛለች። ኦንሴ አሥራ አንድ ማለት ነው፣ የሚበላው ግን በኛ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ለምን ብዬ ብጠይቃት እሷም አታውቅም። ዳቦ ላይ አቮካዶ በጨው! ስፕሪስ ጠጥቶ ላደገ ሰው ይሄ ግፍ ነው። ቡናው ደግሞ በጣሳ የሚመጣ ዱቄት ነው፣ ሙቅ ውሃ ያፈሱበትና ቡና ይሉታል። አንድ ማታ ቤቱ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ሲንቀጠቀጥ ጮኼ ጠረጴዛ ስር ገባሁ። ሴኞራ ኤልባ ሻይዋ እንዳይፈስ ስኒውን ብድግ አድርጋ «ተምብሎር ነው፣ ትንሽዬ» ብላኝ የመሬት መንቀጥቀጡ እስኪያልፍ ጠበቀች።

ሥራዬ ደግሞ እንዲህ ነው። ግዙፍ ኮከቦች ብቻቸውን አይወለዱም። ከአንድ ደመና ብዙ ሆነው ይወለዱና፣ ቀስ በቀስ እየተራራቁም ቢሆን ባንድ አቅጣጫ አብረው ይጓዛሉ። ለእናቴ «ማኅበር በይው» አልኳት፤ ወዲያው ገብቷት «ሙሴው ማን ነው?» አለችኝ። አብዛኞቹ ደግሞ ጓደኛ አላቸው፣ እርስ በርስ የሚዞሩት። አንዳንዴ ጓደኛው በደማቁ ብርሃን ተውጦ ጨርሶ አይታይም። ከማኅበሩ ተነጥለው በከፍተኛ ፍጥነት የሚሄዱም አሉ። እነዚህን እኔና ሰሚራ ኮብላይ እንላቸዋለን።

እኔ አንድ ኮብላይ አገኘሁ። የኮከቦችን ቦታና ጉዞ የምትለካ ሳተላይት አለች፤ መረጃዋ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። በሷ ቁጥር መሠረት ይሄ ኮከብ ከማኅበሩ ወጥቶ ይሮጣል። ድሮ የነበረው ጓደኛው ፈንድቶ ወርውሮት ነው ብዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ትልቁን ምዕራፍ በሱ ላይ ሠራሁ። አማካሪዬ ዶክተር ማርሴላ ወደዱት። (ስሜን ጥሪኝ፣ አንቺ በይኝ ቢሉኝ በሃምሳ ዓመት ሴት ላይ ምላሴ እምቢ አለኝ።) በሰሜኑ በረሃ ካለው ቴሌስኮፕ ጊዜ ተፈቅዶልኝ፣ በተለያየ ወር ሦስት ጊዜ የኮከቡን ስፔክትረም ወሰድኩ። ስፔክትረም ማለት ብርሃኑ እንደ ቀስተ ደመና ተዘርግቶ፣ በላዩ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ተሰምረውበት ነው። መስመሮቹ በሦስቱም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አልነበሩም። የእንዲህ ዓይነት ኮከብ ገጽ ይናወጣል፣ ከዚያ ነው አልኩና ፋይሉን ዘጋሁት።

እሁድ እሁድ ከሰሚራ ጋር በቪዲዮ እንደዋወላለን። እሷ ያኔ አራዳ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብላ ትደውልልኝና ማኪያቶዋን ካሜራው ላይ ታስጠጋዋለች፤ ከኋላዋ ወያላው ይጮኻል፣ ተማሪዎቿ እያለፉ «ቲቸር!» ይሏታል። እኔ ያንን የዱቄት ቡና ይዤ እስቃለሁ። አንድ እሁድ «የምናጠናበት ኬክ ቤት ፈረሰ እኮ» አለችኝ። ታምናላችሁ? ቀናሁ። ሲፈርስ እንኳ ቆማ ያየችው እሷ ናት።

ስለ ኮከቤ ብዙ ነግሬያታለሁ፤ ስፔክትረሙን ብቻ አላነሳሁላትም። «ያ ሰውዬሽ» ነበር የምትለው። ከሥራ ስትወጣ አባቷ መጋዘን ጥግ ያለች ጠረጴዛ ላይ ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕዋን ትከፍታለች፣ ስልኳን ኢንተርኔት ታደርጋለች፣ ከሽንኩርት ከረጢት አጠገብ ቁጭ ብላ የሳተላይቷን መረጃ ትበረብራለች። ለጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ላይ አንድ ቀን የድምፅ መልእክት ላከችልኝ።

«ትርሲ፣ ስሚማ። ያ ሰውዬሽ ኮብላይ አይደለም። የድሮውን የኮከቦች ካታሎግ ከአዲሱ ከሳተላይቷ ጋር አስተያየሁት። በአዲሱ ብቻ ስታዪው ይሮጣል። የድሮ ቦታውን ካሁኑ ቦታው ጋር ስታያይዢው ግን ረጋ ብሎ ከማኅበሩ ጋር ነው የሚሄደው። ወዲህ ወዲያ የሚጎትተው ነገር አለ። የማይታይ ጓደኛ አለው አቦ! ስፔክትረም ካለሽ መስመሮቹን እያቸው፣ መንቀሳቀስ አለባቸው። አለሽ?»

ሠርግ ላይ ከሚጨፍሩት አንዱን ለአፍታ ብቻ ብታዩት ወደ በሩ እየወጣ ሊመስላችሁ ይችላል። ቆይታችሁ ብታዩት ግን እዚያው ከሰው ጋር እየዞረ ነው። እኔ ያየሁት አፍታውን ነበር። ሰሚራ ቆይታ አየችው።

ፋይሉን ከፈትኩ። መስመሮቹ እሷ በምትለው ልክ ወዲህና ወዲያ ሄደዋል። ስንት ወር ሙሉ እጄ ላይ የነበረ ነገር! የተሰማኝ ደስታ አልነበረም። ለምዕራፌ መውደቅ ማዘኔም አልነበረም። እኔ ግማሽ ዓለም አቋርጬ፣ ቋንቋ ተምሬ፣ አያቴን እናት አስደርጌ፣ ቴሌስኮፕ ተሰጥቶኝ ያላየሁትን እሷ ከሽንኩርት መጋዘን አየችው። አሁንም አንደኛ!

እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ስፔክትረም የለኝም። የድሮው ካታሎግ በደማቅ ኮከብ ላይ ይሳሳታል፤ ብዙ አትድከሚበት።»

«እሺ» ብላ መለሰች። ሌላ ቃል የለም።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ማርሴላ ቢሮ ገብቼ የድሮውን ካታሎግ፣ የአዲሱን ካታሎግ፣ ሦስቱን ስፔክትረም ደርድሬ አሳየኋቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ማነጻጸሩ ከየት መጣልሽ?»

«እንዲሁ ሳይ መጣልኝ።»

ተነሥተው አቀፉኝ። ከሰዓት በኋላ በቡድኑ ስብሰባ ላይ አቀረብኩት፤ ሁሉም አጨበጨቡ። በሕይወቴ አንደኛ የሆንኩት ያን ቀን ነው። ቤት ስገባ ሴኞራ ኤልባ «ምነው ታመሻል?» አለችኝ። ኦንሴ ሳልበላ ተኛሁ። በሚቀጥሉት እሁዶች ሥራ በዛብኝ እያልኩ የሰሚራን ስልክ አላነሳሁም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ከሷ ኢሜይል መጣ። ጽሑፍ ነው፣ ለጆርናል የተዘጋጀ፣ ጥንቅቅ ያለ። ከርዕሱ ሥር ሁለት ስም አለ፤ የሷ መጀመሪያ፣ ከዚያ የኔ። አራተኛው ገጽ ግማሹ ባዶ ነው፣ መሀሉ ላይ ባዶ ሣጥን ተሥሎበታል። «ስፔክትረም ካገኘሽ ብዬ ቦታ ትቼልሻለሁ» ይላል መልእክቷ።

ያንን ባዶ ሣጥን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ባጠፋው ነገሩ አለቀ፤ ማንም አያውቅም። ዶክተር ማርሴላ የኔን ጽሑፍ ለመላክ ቸኩለዋል። በሦስተኛው ቀን ቢሯቸው ገባሁ፣ ወንበር ሳይሉኝ ተናገርኩ።

«ሐሳቡ የኔ አይደለም።»

«የማን ነው?»

«የጓደኛዬ፣ የሰሚራ። አዲስ አበባ ናት። ጠየቀችኝ፤ ስፔክትረም የለኝም ብዬ ዋሸኋት።»

«ሰሚራ... ያቺ ቃለ መጠይቅ ላይ መስመሩ የተቋረጠባት?»

«አዎ።»

«ጥሩ እየመለሰች ነበር» አሉ ለራሳቸው ያህል። ይህንንም ሰምቼ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ፣ ቀናሁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ጽሑፉ የሷ ነው፤ የኛን እንተወዋለን። ሰኞ ስብሰባው ላይ ደግሞ ራስሽ ትናገሪያለሽ። እኔ አልናገርልሽም።»

ተናገርኩ። በተሰባበረ ስፓኒሽ፣ ባጨበጨቡልኝ ሰዎች ፊት። ማንም አልሰደበኝም። ስብሰባው ሲያልቅ ወንበራቸውን እየመለሱ ወጡ፣ እንደ ወትሮው «ምሳ እንሂድ» ያለኝ ግን አልነበረም።

ሰሚራ ጋ የደወልኩት በዚያው ቀን ነው።

«ሰሚ፣ ስፔክትረሙ ነበረኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ምን አልሽ?»

«ነቄ ነበርኩ። ቴሌስኮፑ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ኮከብ እንዳየ ዝርዝሩን ያወጣ የለ? ፋይሉን መክፈት አልችልም እንጂ ስምሽ አለ። ሦስት ጊዜ። መልእክቱን ሳልልክልሽ በፊት ነው ያየሁት።»

«እያወቅሽ ነው እንዴ አለሽ ወይ ያልሽኝ?»

«ሌላ ምን ልበል? አምጪ ልበልሽ? ያንቺ ነው፣ መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ታዲያ ስሜን ለምን አስገባሽ?»

«ስፔክትረሙ ስለሚያስፈልገኝ ነዋ! ምን መሰለሽ፣ ስለምወድሽ?» ከኋላዋ ከረጢት የሚጎትቱ ሰዎች ድምፅ ይሰማኛል። «እወድሽማ ነበር። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። ለዶክተር ማርሴላም፣ ለሁሉም እንደተናገርኩ ነገርኳት።

«እሺ» አለች። «ፋይሉን ዛሬ ላኪልኝ።»

ላክሁላት። ጽሑፉ ወጣ፣ የሷ ስም መጀመሪያ፣ የኔ ሁለተኛ። እኔ አዲስ ምዕራፍ በሌሎች ኮከቦች ላይ ጀመርኩ፤ የምመረቅበት ጊዜ በአንድ ዓመት ተገፋ። በመሀሉ ዶክተር ማርሴላ ለሰሚራ ደብዳቤ ጻፉላት፤ ቦታ አለ፣ ነይ ብለው። መልሷ እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሴኞራ ኤልባ ቤት ሌላ ባዶ ክፍል አለ። ጠዋት ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ላገኛት፣ ቢሮዬ ውስጥ ልትቀመጥ፣ እዚህም አንደኛ ልትሆን...

አልመጣም አለች። ዶክተር ማርሴላ መልሷን አሳዩኝ፤ ሁለት መስመር ነው። ታመሰግናለች፣ ተማሪዎች አሏት፣ ሥራውን እዚያው ሆና ትቀጥላለች። መጀመሪያ ተነፈስኩ። ከዚያ ስለተነፈስኩ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ቅናት መጣ። እኔ ከነበርኩበት ለመውጣት ያልሆንኩት ነገር የለም፤ እሷ ነይ ተብላ፣ ቦታዋን አውቃ፣ አልመጣም አለች። እንዲህ ማለት የሚችል ሰው ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲህ በኢሜይል ብቻ ነው የምንጻጻፈው፣ ስለ ኮከብ ብቻ።

ባለፈው ፍልሰታ ላይ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ እናቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ ከቀትር በኋላ ነው።

«ምሳ በላሽ?» አልኳት።

«አሁን ጨረስን። ሰሚራ መጥታልኝ አብረን በላን። ጾም ሲሆን ደስ ይለኛል፣ እሷም ያለ ሐሳብ ትበላለች።»

«ምን ሠርተሽ?»

«ጎመን፣ ምስር። ስልጆውንም አዘጋጀሁላት።»

ምራቄን ዋጥኩ። የእናቴ ገበታ ላይ፣ እኔ በምቀመጥበት በኩል።

«ስለ እኔ ምን አለች?»

«ያወራሁትስ እኔ ነኝ። እሷ ዝም ብላ ታዳምጠኛለች። ምነው፣ ተኳርፋችኋል እንዴ?»

«አይ።»

ከእናቴ ኋላ ሳህን ሲንኳኳ፣ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ።

«ማን ነው እማዬ?»

«እሷው ናት፤ ተይ ብላት ዕቃ ካላጠብኩ አለች። ላቅርብልሽ?» መልሴን ሳትጠብቅ ስልኩን ከአፏ አራቀችው። «ሰሚራ! ትርሲት ናት፣ ነይ አናግሪያት!»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ ያዝኩ። የምላት ነገር ሞልቶኝ ነበር።

«እጄ እርጥብ ነው ይበሏት» አለች ከሩቅ።

ከዚያ ሳህኑ እንደገና መንኳኳት ጀመረ።